ያለፈ ክፍያና ክሬዲት ስኮር፦ ሦስት ነፃ መከታተያዎች ሲመዘኑ

ክፍያ አልፎብዎት «ስኮሬ ስንት ወረደ?» ብለው ስልክዎን ሲከፍቱ የሚያዩት ቁጥርና አበዳሪው የሚያየው ቁጥር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ክሬዲት ስኮር አበዳሪዎች የሰውን ዕዳ የመክፈል ልማድ የሚመዝኑበት ነጥብ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን አንድ ሰው ያለው ስኮር አንድ ብቻ አይደለም። የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚመዘግቡት ሦስቱ ክሬዲት ቢሮዎች፣ ማለትም ኢኪውፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን፣ በየፊናቸው የያዙት ፋይል አለ፤ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ የሚሠራው ቀመርም ብዙ ዓይነት ነው። ስለዚህ መከታተያዎቹን እዚህ የመዘንናቸው በሚያሳዩት ቁጥር አይደለም። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ያለፈ ክፍያን ምን ያህል በትክክልና በግልጽ ያሳያሉ? ሚዛን ላይ የወጡት አኒዩዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም፣ የኤክስፔሪያን ነፃ አፕና ክሬዲት ካርማ ናቸው። ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፣ መልኩ የማያምረውና ስኮር እንኳ የማይሰጠው የመጀመሪያው ሁለቱን ይበልጣል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዘገየ» የሚባለው መቼ ነው

ቀኑ ያለፈ ክፍያ ሁሉ ስኮር አይነካም። በወሩ 5ኛ ቀን መከፈል የነበረበት የክሬዲት ካርድ ሂሳብ በ9ኛው ቢከፈል ባንኩ የመዘግየት ቅጣት ይጥላል፤ ወለድ ሳይታሰብበት የሚቆየው የእፎይታ ጊዜም ሊቋረጥ ይችላል። ይህ ግን በእርስዎና በባንኩ መካከል የሚቀር ጉዳይ ነው። ለክሬዲት ቢሮ የሚላከው መረጃ መዘግየትን የሚቆጥረው በ30 ቀን እርከን ነው፦ 30፣ 60፣ 90፣ 120፣ 150። ገንዘቡ በ29ኛው ቀን ከገባ ያ ወር በሪፖርቱ ላይ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። 30 ከሞላ በኋላ ከገባ ግን ምልክቱ ሰባት ዓመት ይቀመጣል። ባንኩ ገና በሁለተኛው ቀን የሚልከው ቀይ ማስጠንቀቂያ ልብ ያስደነግጣል እንጂ የሚያስፈራው ቀን እሱ አይደለም።

እዚህ ላይ ሕጉ ለተበዳሪው ያደላባቸው ነጥቦች አሉ። በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ የመክፈያ ቀን በየወሩ አንድ ዓይነት እንዲሆን፣ ስቴትመንቱም (የወሩ የሂሳብ መግለጫ) ቀኑ ከመድረሱ ቢያንስ 21 ቀን ቀደም ብሎ እንዲላክ ያስገድዳል። ቀኑ እሑድ ወይም በዓል ላይ ውሎ ባንኩ በዚያ ቀን የፖስታ ክፍያ የማይቀበል ከሆነ፣ በቀጣዩ የሥራ ቀን የደረሰው የፖስታ ክፍያ እንደ ዘገየ ሊቆጠር አይችልም። በዕለቱ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት፣ በፈረንጁ 5 ፒኤም፣ የደረሰም በሰዓቱ እንደደረሰ ይቆጠራል። ባንክዎ ከዚህ ውጭ የሆነ ቅጣት ከጣለ ደውሎ ማስነሳት መብት ነው፤ ልመና አይደለም።

የማይመሳሰሉ ዕዳዎችም አሉ። የፌዴራል የተማሪ ብድር ለቢሮዎቹ የሚነገረው 90 ቀን ሲያልፈው ነው፤ 270 ቀን ከሞላ ደግሞ ዲፎልት (የብድሩ ውል እንደፈረሰ የሚቆጠርበት ደረጃ) ውስጥ ይገባል። የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ ውሃና ስልክ በተለመደው አሠራር በሰዓቱ ቢከፈሉም አይመዘገቡ፣ ጥቂት ቢዘገዩም አይመዘገቡ። ዕዳው ወደ ኮሌክሽን፣ ማለትም ዕዳ ወደሚሰበስብ ድርጅት፣ ሲተላለፍ ግን በአንድ ጊዜ በክፉ ስሙ ብቅ ይላል። የሕክምና ዕዳ ለብቻው የሚታይ ነው፦ ኮሌክሽን ውስጥ ከገባም ዓመት ሳይሞላው ሪፖርት ላይ አይታይም፣ የተከፈለው ከ2022 ጀምሮ ይሰረዛል፣ ከ500 ዶላር በታች የነበረውም ከ2023 ጀምሮ ሪፖርት ላይ አይቀመጥም። (ለአሥር ዓመት አንድ ዙር ያልሳቱበት እቁብስ? ከዚህ ሁሉ በላይ የሰውን ቃል የሚያሳይ ቢሆንም የትኛውም ቢሮ አያውቀውም።)

ሌላው የተለመደ ስሕተት ጎዶሎ ክፍያ ነው። ሚኒመሙ (የወሩ ዝቅተኛ ክፍያ) 35 ዶላር ሆኖ 30 ከተላከ ሂሳቡ አልተከፈለም። «ቢያንስ የሆነ ነገር ልኬያለሁ» የሚለው ለኅሊና ይረዳ እንደሆነ እንጂ የቀኑን ቆጠራ አያቆመውም።

ስንት ነጥብ ይወርዳል

ፊኮ የሚባለው፣ በዚሁ ስም የሚጠራው ኩባንያ የሚያወጣው ስኮር ከ300 እስከ 850 ይሄዳል። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ፣ 35 በመቶውን፣ የሚይዘው የክፍያ ታሪክ ነው፤ የዕዳ መጠን 30፣ የታሪኩ ርዝመት 15፣ አዲስ ክሬዲትና የክሬዲት ዓይነት ደግሞ 10፣ 10 በመቶ ይይዛሉ። ከዚህ ተነስቶ «አንድ መዘግየት ይህን ያህል ነጥብ ያስቀንሳል» ብሎ መናገር ግን አይቻልም፤ ጉዳቱ የሚወሰነው ከየት በወደቁበት ነውና። ፊኮ ራሱ ለማሳያ ባወጣው ምሳሌ ላይ ስኮሩ 793 የነበረ ሰው አንድ የ30 ቀን መዘግየት ሲያገኘው ወደ 710–730 ይወርዳል። 607 ላይ የነበረው ደግሞ ወደ 570–590። የመጀመሪያው ከ60 እስከ 80 ነጥብ ገደማ ሲያጣ ሁለተኛው የሚያጣው ከዚያ ከግማሽ በታች ነው። በነጭ ነጠላ ላይ የወደቀ ጠብታ ከሩቅ ይታያል፤ ግራሶ በጠጣ ቱታ ላይ ሌላ ጠብታ ቢጨመር ማንም ልብ አይለውም።

ከዚህ በስተጀርባ ያለው አሠራር ብዙም አይነገርም። ፊኮ ሰዎችን መጀመሪያ በቡድን በቡድን ይከፍልና በየቡድናቸው ውስጥ ያወዳድራቸዋል። መዘግየት ሳይኖረው የኖረ ሰው አንድ ሲያገኘው ቡድን ይለውጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመዘነው ችግር ካለባቸው ጋር ነው። አሮጌው መዘግየት ሰባት ዓመቱን ጨርሶ ሲጠፋ ስኮሩ እንደተጠበቀው ሳይዘል አንዳንዴም ወረድ ብሎ የሚታየው በዚህ የተነሳ ነው፤ ሰውየው ወደ ንጹሖቹ ቡድን ተመልሶ ከእነሱ ጋር ሲወዳደር ታሪኩ ቀጠን ይላል።

ቀመሩ ከመዘግየቱ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ መቼ ሆነ፣ ምን ያህል ከፋ፣ ስንቴ ተደጋገመ። ባለፈው ወር የሆነ የ30 ቀን መዘግየት ከአራት ዓመት በፊት ከሆነው ይብሳል። 60 ደግሞ ከ30 ይከፋል፤ ከስኮሩም ሌላ መዘዝ አለው። 60 ቀን ከሞላ ባንኩ በነባሩ ዕዳ ላይ ሳይቀር የቅጣት ወለድ ማስከፈል ይፈቀድለታል፤ ከዚያ በኋላ ስድስት ወር በተከታታይ በሰዓቱ ከተከፈለ ግን ለነባሩ ዕዳ የቀድሞውን ወለድ መመለስ ይገደዳል። ክሬዲት ካርድ 180 ቀን ሳይከፈል ከቆየ ቻርጅ ኦፍ ይሆናል፣ ማለትም ባንኩ እንደ ኪሳራ ይጽፈዋል። ዕዳው ግን ይቀጥላል፤ ብዙ ጊዜም ለኮሌክሽን ድርጅት ይሸጣል።

ያለፈውን ከፍሎ ማጠናቀቅ ምልክቱን አያጠፋም። ሂሳቡ ወደ «ወቅታዊ» ይመለሳል፣ የቀን ቆጠራው ይቆማል፣ ያ ወር ግን «30» እንደተባለ ይቀራል። ሰባት ዓመቱ የሚቆጠረው መዘግየቱ ከጀመረበት ቀን ነው፤ ዕዳው ከተሸጠበት ወይም ከተከፈለበት ቀን አይደለም። ኮሌክሽን ድርጅት ዕዳውን ሲገዛ ቀኑን ገፍቶ አዲስ አስመስሎ ካስገባው ሕግ ጥሷል። ይህን ለመያዝ ደግሞ ሙሉውን ሪፖርት ማየት ግድ ነው።

አኒዩዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም

በ2003 በወጣው ሕግ መሠረት ሦስቱም ቢሮዎች ሪፖርታቸውን በነፃ የሚሰጡበት፣ በፌዴራል ሕግ የታወቀው ብቸኛ ድረ ገጽ ይህ ነው። መጀመሪያ በዓመት አንድ ጊዜ ነበር፤ በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ በየሳምንቱ ሆነ፣ በ2023 ደግሞ ሳምንታዊነቱ በቋሚነት እንደሚቀጥል ቢሮዎቹ አስታወቁ። ክሬዲት ካርድ አይጠይቅም። ከጠየቀዎት የተሳሳተ ገጽ ላይ ነዎት፤ ስሙን የሚመስሉ ብዙ ናቸውና አድራሻውን ራስዎ በጥንቃቄ ይጻፉት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይሞላል፤ ከሁለት ዓመት በታች የኖሩበት አድራሻ ከሆነ የቀድሞውንም ይጨምሩ። ቢሮ ይመረጣል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቢሮ ማንነትዎን ለማረጋገጥ ጥያቄ ያቀርባል፦ ቀድሞ የኖሩበት መንገድ የትኛው ነው፣ የመኪና ብድርዎ ወርኃዊ ክፍያ ስንት ነው፣ የሚመስሉ ናቸው። ከጥያቄዎቹ አንዳንዱ ማጥመጃ ስለሆነ «ከተዘረዘሩት አንዱም አይደለም» የሚለው ትክክለኛ መልስ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። በተለይ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲገባ፣ ወይም ያው ስም አንድ ባንክ ላይ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ላይ በሌላ ፊደል ሲጻፍ፣ ፋይሉ ለሁለት ሊከፈል ወይም ከሌላ ሰው ፋይል ጋር ሊደባለቅ ይችላል። በኦንላይን አልሄድ ካለ በ1-877-322-8228 መደወል ወይም ቅጹን ሞልቶ በፖስታ መላክ ይቻላል፤ የፖስታው ጥያቄ ከደረሰ በኋላ ሪፖርቱ በ15 ቀን ውስጥ ይላካል።

ሪፖርቱ ሲከፈት ወዲያው በፒዲኤፍ ያስቀምጡት፤ ገጹ ጥቂት ከቆየ ይዘጋልና። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሂሳቦቹ የክፍያ ሰንጠረዥ ይሂዱ። በየወሩ አንድ ሳጥን አለ፤ በሰዓቱ የተከፈለው በምልክት ወይም በአረንጓዴ፣ የዘገየው በ30፣ በ60፣ በ90 ቁጥር ይታያል። የዚህ አገልግሎት ዋጋ ሁሉ ያለው በዚያች ሰንጠረዥ ውስጥ ነው። የትኛው ወር፣ የትኛው ሂሳብ፣ በየትኛው ቢሮ የሚለውን ሌሎቹ ሁለቱ አፖች በዚህ ልክ አሟልተው አያቀርቡትም። ሦስቱንም ጎን ለጎን ያድርጓቸው። አበዳሪ ለሦስቱም የማሳወቅ ግዴታ ስለሌለበት አንድ መዘግየት በትራንስዩኒየን ላይ ኖሮ በኤክስፔሪያን ላይ ላይኖር ይችላል።

ከሰንጠረዡ ሌላ የሚፈለገው ቀን ነው። ኢኪውፋክስ መዘግየቱ የጀመረበትን ቀን ይጽፋል፤ ትራንስዩኒየን ምልክቱ ይወጣል ተብሎ የሚገመትበትን ወርና ዓመት ያስቀምጣል፤ ኤክስፔሪያንም እስከ መቼ እንደሚቆይ ይናገራል። ሦስቱ እርስ በእርስ የማይጣጣሙ ከሆነ አንዱ ጋ ስሕተት አለ ማለት ነው።

ጉድለቱስ? ስኮር የለውም። ማስጠንቀቂያ አይልክም፤ እርስዎ ሄደው ካላዩት እሱ አይጠራዎትም። በመንገዱ ላይም ቢሮዎቹ ስኮርና ክትትል በየወሩ ክፍያ ሊሸጡልዎት ይሞክራሉ፤ «አልፈልግም» የምትለው ቁልፍ ብዙ ጊዜ ትንሽ ናት።

የኤክስፔሪያን ነፃ አፕ

የዚህ ጥሩ ጎኑ የሚያሳየው ቁጥር ነው፦ ፊኮ 8 (ከፊኮ ቀመር እትሞች አንዱ)፣ በኤክስፔሪያን ፋይል ላይ የተሰላ። የክሬዲት ካርድ ሰጪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ቀመር ይኸው ስለሆነ መዘግየት ከገባ በኋላ የሚታየው አወራረድ ለእውነታው ይቀርባል። አዲስ መዘግየት ሲመዘገብም ማስጠንቀቂያ ይልካል። የሚያየው ግን የራሱን ፋይል ብቻ ነው። ችግሩ ኢኪውፋክስ ላይ ከሆነ አፑ «ሁሉ ሰላም» ብሎዎት ባንኩ ሊከለክልዎት ይችላል።

ቡስት ስለሚባለው፣ ከ2019 ጀምሮ ስላለው አገልግሎት፣ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። የባንክ ሂሳብዎን አገናኝተው የስልክ፣ የመብራት፣ የኪራይ ክፍያዎን ወደ ፋይሉ ያስገባልዎታል። የሚያስገባው በሰዓቱ የተከፈለውን ብቻ ነው፤ ቀጭን ፋይል ላለው ሰው ጥቂት ነጥብ ሊጨምር ይችላል። የቆየን የ60 ቀን መዘግየት ግን አያጥብም፤ አበዳሪው የትራንስዩኒየንን ፋይል ካየ ደግሞ ቡስት የሚባል ነገር ጭራሽ አያየውም። መዘግየት ላለበት ሰው እንደ መፍትሔ መሸጡ አይዋጥልንም።

የሚከፈልበት አባልነት በሙከራ ጊዜ ስም ይቀርባል። ያለፈ ክፍያን ለመከታተል አያስፈልግዎትም።

ክሬዲት ካርማ

በ2007 የተቋቋመ፣ በ2020 ኢንቱዊት የገዛው ይህ አፕ ከሦስቱ ለዓይን የሚያምረውና ለመጠቀም የሚቀለው ነው። የትራንስዩኒየንንና የኢኪውፋክስን ፋይል ያሳያል፤ ኤክስፔሪያን የለበትም። ስለዚህ ከላይ ካለው አፕ ጋር ቢጣመር ሦስቱም ቢሮዎች ይሸፈናሉ። እንደ ማንቂያ ደወል ከተጠቀሙበት ጥሩ ነው፤ አዲስ መዘግየት ወይም ኮሌክሽን ሲገባ ያሳውቃል።

ቁጥሩ ግን ፊኮ አይደለም። የሚያሳየው ቫንቴጅስኮር 3.0 ነው፤ ቫንቴጅስኮር ሦስቱ ቢሮዎች በ2006 በጋራ ያቋቋሙት ተፎካካሪ ቀመር ነው። ልዩነቱ የሚጎላው ችግር ባለበት ፋይል ላይ ነው። ቫንቴጅስኮር 3.0 የተከፈለ ኮሌክሽንን ከነአካቴው ይተወዋል። ፊኮ 8 ግን ቢከፈልም ይቆጥረዋል፤ የሚተወው የመነሻው ዕዳ ከ100 ዶላር በታች የነበረውን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የቆየ የ400 ዶላር የስልክ ኮሌክሽን ሲከፍል በክሬዲት ካርማ ስኮሩ ከፍ ሲል ያያል፤ ደስ ብሎት ባንክ ሲሄድ ፊኮ 8 የሚያይ አበዳሪ ያንን ለውጥ አያገኝም። አፑ አልዋሸም፤ የለካው በሌላ ክንድ ነው።

የቤት ብድር ላይ ክፍተቱ ይሰፋል። የሞርጌጅ አበዳሪዎች ለረጅም ዓመታት ሲሠሩባቸው የኖሩት ከፊኮ 8 የቆዩ ናቸው፦ ለኤክስፔሪያን ፊኮ 2፣ ለትራንስዩኒየን ፊኮ 4፣ ለኢኪውፋክስ ፊኮ 5። ከሦስቱ መካከለኛውን ይወስዳሉ። ባልና ሚስት አብረው ሲጠይቁ የአንዱ መዘግየት የሁለቱንም የወለድ መጠን ሊያንቀሳቅስ የሚችለውም በዚህ በኩል ነው። በኤፍኤችኤ፣ ማለትም በፌዴራል መንግሥት ዋስትና በሚሰጥ የቤት ብድር፣ 3.5 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ለማግኘት 580 ይጠየቃል፤ ከ500 እስከ 579 ያለው 10 በመቶ ማቅረብ አለበት። በ300,000 ዶላር ቤት ላይ ይህ የ10,500 እና የ30,000 ዶላር ልዩነት ነው። 590 ላይ ላለ ሰው አንድ ወር መዘንጋት ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ ይታያል። የመኪና አበዳሪዎችም ከ250 እስከ 900 የሚሄድ የራሳቸው የፊኮ ዓይነት አላቸው። ቤት ሊገዙ የተቃረቡ ሰዎች እነዚህን የቆዩ ስኮሮች ለማየት «ማይፊኮ» የተባለውን የፊኮ ኩባንያ ድረ ገጽ የሚከፈልበት አገልግሎት ለአንድ ወር ገዝተው ቢሰርዙት ያዋጣል፤ ከዚያ በላይ መያዝ ብክነት ነው።

ክሬዲት ካርማ ገንዘብ የሚያገኘው ካርድና ብድር በማስተዋወቅ ነው። የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን «ቀድሞ ጸድቆልዎታል» እያለ ሰዎችን ለማይፈቀድላቸው ካርድ ያስመለክታል በሚል ከሶት በ2023 በጸደቀው ውሳኔ 3 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። መዘግየት ገብቶ ስኮር በወረደበት ሰሞን እነዚያን ማስታወቂያዎች መጫን ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነው፤ ማመልከቻው ራሱ ጥቂት ነጥብ ይወስዳል፣ መልሱም ብዙ ጊዜ «አይቻልም» ነው። «ስኮርህ ምን ይሆን ነበር» የሚለውን ማስመሰያውንም እንደ ጨዋታ ይቁጠሩት።

ምልክቱ ከተገኘ በኋላ

ገና 30 ካልሞላ ዛሬውኑ በባንኩ በራሱ ገጽ በኤሌክትሮኒክ ይክፈሉ። ከሌላ ባንክ በቢል ፔይ (ባንኩ ሂሳብዎን በሚከፍልልዎት አገልግሎት) መላክ አንዳንዴ በወረቀት ቼክ ስለሚሄድ ቀናት ይበላል። ከከፈሉ በኋላ ደውለው ቅጣቱ እንዲነሳ ይጠይቁ፤ ታሪኩ ንጹሕ ለሆነ ደንበኛ ብዙ ባንኮች ለአንድ ጊዜ ያነሳሉ።

30 ካለፈ ግቡ 60 እንዳይሞላ ነው። የቅርቡን ወር ሚኒመም ብቻ መክፈል አይበቃም። ያለፈው ወርና የያዝነው ወር አብረው ካልተከፈሉ ሂሳቡ በየወሩ «30» እያለ ይንከባለላል፤ አንድ ምልክት አራት ይሆናል። ለባንኩ ደውለው «ሂሳቡን ወቅታዊ ለማድረግ ስንት ነው?» ብለው ቁጥሩን በትክክል ይያዙ።

ምልክቱ ስሕተት ከሆነ ክርክር (ዲስፒዩት) ይቀርባል፤ ስሕተቱ ለታየበት ቢሮ ለእያንዳንዱ ለየብቻ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ የሂሳቡ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች፣ የተሳሳተው ወር፣ ምን መባል እንደነበረበት፣ ከዚያ ማስረጃ። ማስረጃ ማለት የዚያ ወር ስቴትመንትና ገንዘቡ ከባንክዎ የወጣበትን ቀን የሚያሳይ ገጽ ነው። በተረጋገጠ ፖስታ መላክ የደረሰበትን ቀን ስለሚያሳይ ከኦንላይኑ ቅጽ ይሻላል፤ በኦንላይኑ ነገሩ ከተዘጋጁ ምርጫዎች ውስጥ እንዲጨመቅ ይደረጋልና። ቢሮው በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ መመለስ አለበት፤ ክርክሩ የቀረበው ከዓመታዊው ነፃ ሪፖርት ተነስቶ ከሆነ ወይም መሃል ላይ ተጨማሪ ማስረጃ ከላኩ እስከ 45 ሊደርስ ይችላል። በተመሳሳይ ጊዜ ቅጂውን ለባንኩም ይላኩ። «ተረጋግጧል» የሚል ደረቅ መልስ ከመጣና ማስረጃዎ ጠንካራ ከሆነ ቀጣዩ በር ለፌዴራል መንግሥቱ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ የሚቀርብ አቤቱታ ነው።

በትክክል የዘገየን ክፍያ መከራከር ግን ጊዜ ማባከን ነው። ለእሱ የሚሆነው ለባንኩ የሚጻፍ የይቅርታ ደብዳቤ ነው፤ መዘግየቱን ያምናል፣ ምክንያቱን በሁለት መስመር ይናገራል፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የነበረውን ንጹሕ ታሪክ ያስታውሳል፣ ምልክቱ በቸርነት እንዲነሳ ይጠይቃል። ባንኩ የመስማማት ግዴታ የለበትም። ለአንድ ብቸኛ የ30 ቀን ምልክት መሞከር አይከፋም፤ ለተደጋገመ ግን ተስፋው ቀጭን ነው።

«ክሬዲት እናጸዳለን» የሚሉ ድርጅቶች ከላይ ካለው የተለየ መሣሪያ የላቸውም። በ1996 የወጣው ሕግ ሥራውን ሳይጨርሱ ክፍያ እንዳይቀበሉ ይከለክላል፤ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ቅጣት እንዲሰረዝም ያዛል። በዘርፉ ትልቅ ስም የነበራቸው ሌክሲንግተን ሎውና ክሬዲት ሪፔር ዶት ኮም ሕገ ወጥ የቅድሚያ ክፍያ ሰብስበዋል ተብለው በ2023 ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያስከፍል ፍርድ ተላልፎባቸዋል። ትክክለኛ ምልክት በገንዘብ አይፋቅም።

ኦቶፔይ ተደርጎም የሚያመልጥ ክፍያ

ከሚያመልጡት ብዙዎቹ የገንዘብ እጥረት ሳይሆን የአሠራር ቀዳዳ ውጤቶች ናቸው። ኦቶፔይ (ክፍያው በየወሩ በራሱ እንዲወጣ የሚያደርገው ትእዛዝ) ዛሬ ተከፍቶ ለዚህ ወር ላይሠራ ይችላል፤ የመጀመሪያው ክፍያ በየትኛው ቀን እንደሚወጣ ማረጋገጫው ላይ ያንብቡ። የባንክ ሂሳብ ሲቀየር አሮጌው ቁጥር ኦቶፔይ ላይ ይቀራል። የቤት ብድር ከአንድ አስተዳዳሪ ወደ ሌላ ሲዛወር ኦቶፔይ አብሮ ላይዛወር ይችላል፤ ደግነቱ ከዝውውሩ በኋላ ባሉት 60 ቀናት በሰዓቱ ለቀድሞው የተላከ ክፍያ እንደ ዘገየ መቆጠር የለበትም፤ ከተቆጠረም ክርክሩ ይረታል።

የዘጉት ካርድም ያስቸግራል። ሙሉውን ባላንስ ከከፈሉ በኋላ፣ በስቴትመንቱና በክፍያው መካከል ባሉት ቀናት የተጠራቀመ ወለድ በሚቀጥለው ወር አራት ወይም አምስት ዶላር ሆኖ ይመጣል። ካርዱ ስለተዘጋ ማንም ኢሜይሉን አይከፍትም። የማይጠቀሙበት ካርድ ዓመታዊ ክፍያም እንዲሁ። ቀመሩ መዘግየቱን እንጂ የገንዘቡን ማነስ አይቶ አይራራም፤ ስለዚህ ካርድ ከዘጉ በኋላ ሁለት ስቴትመንት ዜሮ ሆኖ እስኪያዩ ኦቶፔዩን አያጥፉት።

ለሰው ኮሳይን ያደረጉ (ብድሩን አብረው የፈረሙ) ከሆነ መዘግየቱ በእርስዎ ፋይል ላይ ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ ስቴትመንቱ ግን የሚሄደው ወደ ዋናው ተበዳሪ ነው። ሲፈርሙ የራስዎን የኦንላይን መግቢያ ይጠይቁ፣ ማስታወሻም በስልክዎ ያስገቡ። በሌላ ሰው ካርድ ላይ ኦቶራይዝድ ዩዘር (እንዲጠቀምበት የተፈቀደለት ሰው) ብቻ ከሆኑ ነገሩ ይቀላል። ስምዎ እንዲወጣ ለባንኩ ይነገራል፤ ዕዳው የእርስዎ ስላልሆነ ሂሳቡ ከነምልክቱ ከፋይልዎ እንዲነሳ ለቢሮዎቹ ማመልከት ይቻላል።

በክርክር የተነሳ ምልክት ተመልሶ ሊገባ ይችላል፤ ባንኩ በሚቀጥለው ወር ያንኑ የተሳሳተ መረጃ ደግሞ ሲልክ። ቢሮው የተሰረዘን ነገር መልሶ ካስገባ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ደብዳቤውን አይጠብቁ፤ ከተሰረዘ ከ30 እና ከ60 ቀን በኋላ ሪፖርቱን እንደገና አውርደው ያንኑ ሳጥን ይመልከቱት።